ፖከር የተረጎምሁበት ክረምት

ባለፈው እሑድ የእኅቴ ልጅ ምሳ ሊበላ ቤቴ መጥቶ ነበር። ሽሮው ቀርቦ እየበረደ እሱ ስልኩን ከውሃ ብርጭቆው ጋር አስደግፎ አንድ ነገር ያያል። ጎንበስ ብዬ ብመለከት ፖከር ነው። አረንጓዴ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሰዎች፣ ከእያንዳንዱ ተጫዋች ፊት በታች ሁለት ሁለት ካርታና የማሸነፍ ዕድሉ በመቶኛ ተጽፎ። ልጁ ፊቱን ሳያዞር፣ «አጎቴ፣ ይኸኛው ሰውዬ እኮ ምንም አልያዘም፤ ዝም ብሎ ነው የሚያስፈራራው። ያኛው እንዴት አይገባውም?» አለና ሳቀ።

«አጥፋው» አልሁት። ድምፄ እኔንም አስደነገጠኝ። ልጁ ስልኩን ደፍቶ ዓይን ዓይኔን አየኝ። በቤተሰባችን እኔ ዝምተኛ የምባለው ነኝ፤ ስቆጣ አይቶኝ አያውቅም። ስለዚህ ለምን እንደተቆጣሁ መናገር ግድ ሆነብኝ። ሽሮው ቀዝቅዞ ሁለተኛ እስኪሞቅ ድረስ ለእሱ ያወራሁትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ነገሩ የሆነው ሚሌኒየሙን ያከበርንበት ዓመት ሊያልቅ ሲል በመጣው ክረምት ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እጠብቃለሁ። ቤታችን ጎንደር፣ አዲስ ዓለም የሚባለው ሰፈር ነው፤ አባቴ አራዳ ገበያ ውስጥ ኩታና ጋቢ ይሸጥ ነበር። የጎንደር ክረምት ለሚጠብቅ ሰው ረጅም ነው። ጠዋት ይዘንባል፣ ከሰዓት ይዘንባል፣ በመሀል ፀሐይ ብልጭ ስትል መንገዱ ሁሉ በእሸት በቆሎ ጭስ ይሸፈናል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ፤ እንግሊዝኛ። ከሬዲዮና እጄ ከገባ መጽሔት ሁሉ ቃል እየለቀምሁ የተማርሁት ነው፤ በሰፈሩም በዚሁ እታወቅ ነበር።

ከፒያሳ ወረድ ብሎ ይርጋ የሚባል ሰው ቪዲዮ ቤት ነበረው። ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ረጅም አዳራሽ ሲሆን ከበስተጀርባው በኮምፔርሳቶ የተከፈለች ጠባብ ክፍል አለችው። ይርጋ ሠርግም በቪዲዮ ይቀርጽ ስለነበር ካሜራውንና ገመዱን እዚያች ክፍል ያስቀምጣል። በዓመቱ ውስጥ አዳራሹን የሚሞላለት የአውሮፓ ኳስ ነው፤ ክረምት ግን ኳሱ ያርፋል፣ ወንበሩም ባዶ ይሆናል። ይርጋ በዲሹ ከጣቢያ ጣቢያ ሲዘዋወር ነው ፖከር ላይ የወደቀው። ሥዕሉ ደስ ይላል፤ ግን ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፤ ማንም አይገባውም። እኔን አስጠራኝ።

«ጀማል፣ ፊት ለፊት ቆመህ የሚሉትን ንገርልኝ። ኳስ እንደሚያስተላልፍ ሰው አድርገው።»

ቁማር በቤታችን ሐራም ነው። እኔ ግን ራሴን አሳመንሁ። አልጫወትም፤ አላስይዝም፤ የምሠራው ትርጉም ነው። ሰው አንድ ነገር ሲፈልግ ስንት ዓይነት በር ይከፍታል።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይሰጠዋል። ከዚያ አምስት ካርታ በየተራ መሀል ላይ ይገለጣል፤ ያ የሁሉም ነው። ከሰባቱ የተሻለ ያገጣጠመ ያሸንፋል። ነገር ግን ምንም ያልያዘ ሰው ብዙ አስይዞ ሌላውን ካስፈራራና ካርታውን ካስጣለው እሱም ያሸንፋል። የጨዋታው ነፍስ እዚህ ላይ ናት። ተጫዋቾቹ አንዱ የሌላውን ካርታ አያዩም። ተመልካቹ ግን የሁሉንም ያያል።

አሁን ሳስበው ያ ትርኢት ሰውን የሚይዘው በዚህች ነገር ነው። የሁሉንም ካርታ እያየ የተቀመጠ ሰው ራሱን ብልህ አድርጎ ይቆጥራል። በዓለም የታወቀ ተጫዋች ሲሳሳት፣ «ይኸ ደንቆሮ» እያለ ይስቃል። ሰውዬው የማያየውን እሱ ስላየ ብቻ። እኔም ይህን ስሜት አጋጋልሁት። ተጫዋቾቹን የሰፈር ስም አወጣሁላቸው፤ ባለ ትልቅ ባርኔጣውን «የደባርቁ»፣ የማይስቀውን «ዳኛው» አልሁት። ያልገባኝን ከራሴ ፈጠርሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አዳራሹ በኳስ ጊዜ ከነበረው የባሰ ሞላ። መንገድ ላይ ስሄድ የማላውቃቸው ሰዎች «ተርጓሚው» እያሉ ይጠሩኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ደስ አለኝ።

ከሚመጡት መካከል አያ ታከለ የሚባሉ፣ ከጎንደር በላይ ደጋው ላይ ያለችው የኮሶዬ ገበሬ ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ድንችና ነጭ ሽንኩርት በበቅሎ ጭነው ገበያ ይወርዱና ዘመድ ቤት አድረው እሑድ ይመለሳሉ። መጀመሪያ የገቡት ዝናብ ሊያስጥሉ ነው። በደርግ ጊዜ ወታደር ሆነው ሰሜን ምሽግ ውስጥ ዓመታት ሲቀመጡ ካርታ ተምረዋል፤ ስለዚህ ፖከሩ ሳይውል ሳያድር ገባቸው።

አንድ ቀን ወደ ፊት መጡና፣ «ልጄ፣ ከታች የሚታየውን ካርታ በካርቶን ሸፍንልኝ» አሉኝ።

«ምነው አያ ታከለ? እሱ እኮ ነው ደስ የሚለው።»

«ካርታውንማ ካየሁ ምኑን ተጫወትሁት? እኔ የማየው የሰዎቹን ፊት ነው።»

ሸፈንሁት። «ይህ ሰው ፈርቷል» ይላሉ፤ ካርቶኑን ሳነሣ እውነትም ባዶ ነው። «ይህ ደግሞ ዝም ያለው ስላለው ነው» ይላሉ፤ ሁለት ንጉሥ ይዞ ይገኛል። ሁልጊዜ አይሳካላቸውም፤ ብዙ ጊዜ ግን ይሳካላቸዋል። እኔ ከዚያ በፊት ፖከርን አይቼው አላውቅም ነበር ማለት ይቻላል፤ ያየሁት ካርታውን ነው። እሳቸው የሰው ፊት እንዳነብ አስተማሩኝ። ከዚያ ወዲህ በመጡ ቁጥር ካደሩበት ዘመድ ቤት በጨርቅ የተቋጠረ ቅቅል ድንች ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ ገና ትኩስነቱ ሳይለቀው እያላጥን እንበላለን።

ይህን ይርጋም ያይ ነበር። የእኅቱ ልጅ ሳሚ ከባሕር ዳር ለክረምቱ መጥቶ ነበርና ይርጋ አንድ ሐሳብ አቀረበ። በቴሌቪዥን እንደምናየው እዚሁ ጎንደር እናድርገው፤ አያ ታከለና ሳሚ ይጫወቱ፤ ሕዝቡ ይመልከት። ከኋላ ባለችው ክፍል ባለ መስታወት ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ ካሜራው ከመስታወቱ ሥር ሆኖ የተደፋውን ካርታ ለአዳራሹ ያሳያል። ለማስያዣ የጠርሙስ ቆርኪ ይታደላል፤ እኩል መቶ መቶ። ቆርኪው ያለቀበት ተሸነፈ። አያ ታከለ ካሸነፉ ቴሌቪዥን ከነዲሹ ይወስዳሉ። ከተሸነፉ በቅሎዋን ይተዋሉ።

አያ ታከለ ሦስት ቅዳሜ አሰቡበት። ኮሶዬ መብራት ገብቷል፤ ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ መንገድ ዳር ምግብ ይሸጣሉ። «ማኪናው ሁሉ የሚቆመው ማዶ ካለው ቤት ነው» አሉኝ። «እነሱ ቴሌቪዥን አላቸዋ። ዘውዴ ወጧን ሠርታ ቁጭ ብላ ታያቸዋለች።» ከዚያ፣ «አንተ ምን ትላለህ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ያሸንፋሉ» አልሁ። ይህን ያለው ሌላ ሰው ቢሆን እንዴት በወደድሁ።

ከጨዋታው በፊት ይርጋ ወደ ጥግ ወሰደኝ። «የካርታ ስም እንዳትጠራ» አለኝ። «ክፍሉ ቅርብ ነው፤ ይሰማቸዋል፤ ነውር ነው። ካርታውን ሕዝቡ ራሱ ያያል። አንተ ስለ ሰውዬው አውራ። ደኅና ካርታ ሲይዝ በክብር አያ ታከለ በለው፤ አንቱ በለው። መናኛ ሲይዝ ገበሬው በለው፤ አንተ በለው። ሕዝቡ ይስቃል፤ ያሞቀዋል። ድምፅህን ከፍ አድርግ።»

እኔም አልጠየቅሁም። በዚያ ክረምት የሚያስቅ ነገር ሁሉ ጥሩ መስሎ ይታየኝ ነበር።

እሑድ ከሰዓት፣ ከሰማንያ የማያንስ ሰው ተቀምጦ፣ ቀሪው በግድግዳው ዙሪያ ቆሞ ተጀመረ። ቴሌቪዥኑ ላይ መስታወቱ፣ የተደፋው ካርታና የሁለት ሰዎች እጅ ይታያል። የአያ ታከለ እጅ የተሰነጣጠቀ፣ አውራ ጣቱ ላይ የማጭድ ጠባሳ ያለበት ነው። የሳሚ እጅ ንጹሕ ነው። መጀመሪያ ላይ አያ ታከለ ጥሩ ካርታ ያዙ። «አያ ታከለ እያሰቡ ነው» አልሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሳሚ ካርታውን ጣለ። ቆይተው ባዶ ደረሳቸው። «ገበሬው ቆርኪ ገፋ፤ ገበሬው ደፋር ነው» አልሁ። ሕዝቡ ሳቀ። ሳሚ ተከተላቸውና በላቸው። እንደገና ጥሩ ያዙ፤ አያ ታከለ አልሁ፤ ሳሚ ጣለ። እንደገና ባዶ፤ ገበሬው አልሁ፤ ሳሚ በላ።

አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ቀጠለ። ጥሩ ካርታ ቢይዙ ጥቂት ቆርኪ ብቻ ያገኛሉ፤ ባዶ ሲሆኑ ብዙ ያጣሉ። ከእኔ ጋር ሰማንያ ሰው ይህን ሁሉ ያይ ነበር። የሁለቱንም ካርታ እያየን፣ ሳሚ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይስት ሲያውቅ እያየን፣ «ይህ ልጅ ጎበዝ ነው» አልን እንጂ እንዴት አወቀ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አያ ታከለ የመጨረሻዎቹን ቆርኪዎች ገፉ። ባዶ ነበሩ። እኔም «ገበሬው ሁሉንም ሰጠ» አልሁ።

አያ ታከለ ወጡ። ሳሚን ጨብጠው፣ ይርጋን እጅ ነሥተው ወደ ግቢው ሄዱ። ተከተልኋቸው። በቅሎዋ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆማለች፤ ዳማ ነበረች፣ ጆሮዋ ነቃ ያለ። መታጠቂያዋን ፈተው ኮርቻውን አወረዱ፤ ኮርቻው በውርርዱ አልገባም። ጀርባዋን በመዳፋቸው አበሱላት፤ የታመቀው ላብ ከብርዱ ጋር ሲገናኝ ይጨስ ነበር።

«ጀማል፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉኝ ሳይዞሩ።

«ይጠይቁኝ አያ ታከለ።»

«ምነው አንዴ አያ፣ አንዴ ገበሬው ትለኝ ነበር?»

«ጋሽ ይርጋ ነው። ለሕዝቡ ሳቅ ብሎ፣ ጥሩ ካርታ ሲይዙ አያ በላቸው፣ መጥፎ ሲይዙ…» ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ኮምፔርሳቶው ከሳሚ ጀርባ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር፤ የምለውን ሁሉ ይሰማል።

አያ ታከለ ዞረው አዩኝ፤ በቴሌቪዥን ያሉትን ሰዎች እንደሚያዩት ፊቴን አነበቡት። «አላወቅህም» አሉ።

«ወላሂ አላወቅሁም።»

«እኔም ያወቅሁት መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊትማ አያ ስትለኝ ደስ ይለኝ ነበር። በዚህ ሁሉ ከተሜ መሀል የሚያከብረኝ አንድ ልጅ አለ እል ነበር።»

ኮርቻውን በትከሻቸው አንግተው ወደ መናኸሪያው ሄዱ። ኮርቻ የተሸከመ ሰው በከተማ መሀል ሲሄድ ያየው ሁሉ ይስቃል። ሳቁም።

ይርጋ ዘንድ ስገባ ሻይ እየጠጣ ነበር። የነገርሁትን አላስተባበለም። «ካርታ ጠርተሃል? አልጠራህም። ታዲያ ምን አድርገሃል? ስለ ሰውዬው አወራህ» አለኝ። «ይህ ትርኢት ነው ልጄ። ቴሌቪዥን ላይ ያለውስ እውነት ይመስልሃል?»

ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ጨዋታ ተለጥፎ ነበር። ተረኛው ከዛሪማ የመጣ የሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። አዳራሹ እንደሞላ ፊት ቆምሁና ሁሉንም ተናገርሁ። አያ ማለት ምን ማለት እንደነበረ፣ ገበሬው ማለት ምን ማለት እንደነበረ፣ ሳሚ እንዴት እንዳወቀ። ሕዝቡ በቁጣ የሚነሣ መስሎኝ ነበር። ከመሀል ግን አንዱ፣ «እና ዛሬ ጨዋታ የለም? ከፍለን ነው እኮ የገባነው» አለ። ሌላው፣ «አንተስ ራስህ ስትናገር አልነበር?» አለኝ። ይኼኛው እውነቱን ነው። ይርጋ በሸሚዜ ይዞ ወደ በሩ ሲጎትተኝ ጥቂቶች አጨበጨቡ። ለማን እንዳጨበጨቡ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሰሊጥ ነጋዴው ግን ከኋላ ክፍል ወጥቶ፣ ቆቡን አድርጎ፣ ማንንም ሳይሰናበት ሄደ። ያ ሰው ተርፏል፤ በዚያ ክረምት የሠራሁት ደግ ነገር ይኸው ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው አራዳ ደረሰ። አባቴ ሱቁን ዘግቶ መጣ። «ልጅህ ቁማር ቤት ዋለ ሲሉኝ፣ ውሸት ነው ብያቸው ነበር» አለኝ።

«አልተጫወትሁም አባባ። ምላሴን ብቻ ነው…»

«ምላስህን ነው የምልህ» አለ።

አባቴ ሁለት ጎረቤት ነጋዴዎችን ይዞ፣ አንዱ እስላም አንዱ ክርስቲያን፣ ይርጋ ዘንድ ለሽምግልና ሄደ። በቅሎዋ ተሽጣለች፤ በዛሪማ በኩል ወደ ቆላ ወርዳለች። «ክሰሱኝ» አለ ይርጋ ዘና ብሎ። «ቁማር ያጫወተ ሲታሰር የተጫወተውም ይታሰራል። ታከለን ልታሳስሩት ነው?» ደሜን የሚያፈላው ይህ ነው። የዘረፈው ሰው በተዘረፈው ሰው ኀፍረት ተከልሎ ይስቃል። ሽማግሌዎቹ ሦስት ቀን ተመላለሱበት። በመጨረሻ ስሙ በገበያው እንዳይነሣ ፈርቶ ቴሌቪዥኑን ሰጠ፤ ዲሹን ግን አስቀረ።

ከአባቴ ጋር ወደ ኮሶዬ ወጣን። ቴሌቪዥኑ በጋቢ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ነው፤ አውቶቡሱ በኮረኮንቹ ባነጠረን ቁጥር አገጬን ይመታኛል። ዳገቱን ስንጨርስ ጉም ተቀበለን፤ ከጉሙ ሥር የገብሱ ማሳ ያሸታል፤ ከመንገዱ ማዶ ገደሉ አይታይም፤ ነፋሱ ብቻ ይሰማል። እትዬ ዘውዴን ያገኘናቸው ከምንጭ ሲመለሱ ነው፤ ጄሪካን በጀርባቸው ታዝሏል፤ ትከሻቸው ላይ ገመዱ ቀልቶ ይታያል። ሲያርፉ እያቃሰቱ አወረዱት። አያ ታከለ ከቤት ወጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

አባቴ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ፣ «እኅቴ፣ በቅሏችሁ በማጭበርበር ተወስዳለችና በምትኳ ይህን አምጥተናል። ያንሳል። ልጄም ይቅርታ ሊጠይቅ መጥቷል» አለ።

እትዬ ዘውዴ ቴሌቪዥኑን ረጅም ጊዜ አዩት። መስታወቱ ላይ የራሳቸው ፊትና ጄሪካኑ ይታያል። «በቅሎዬ የሄደችው ለዚህ ነው?» አሉ። «ይህ ውኃ ያመጣልኛል? እህል ወፍጮ ቤት ያደርስልኛል? ታመምሁ ብል ጤና ጣቢያ ይወስደኛል?» ወደ ባላቸው ዞሩ፤ አያ ታከለ አንገታቸውን ደፉ። «ከቤቴ አይገባም» አሉ፤ ጮክ ሳይሉ።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልሁ፤ ክንዴን ይዘው አስነሡኝ። ከዚያ፣ ያን ሁሉ ተናግረው ሲያበቁ፣ በዝናብ የመጣ እንግዳ ሳይበላ አይሄድም ብለው አስገቡን። ለእስላም የማይሆን ነገር እንዳይቀርብ ተጠንቅቀው ድንች ቀቀሉ፤ ሚጥሚጣ በጨው አመጡ። አያ ታከለ አብረውን በሉ፤ ግን ወደ ፊቴ አላዩም።

አባቴ ቴሌቪዥኑን መልሶ አራዳ ሸጠው። የጎደለውን ከራሱ ሞልቶ አህያ ገዝቶ ላከላቸው፤ በቅሎ ለመግዛት አቅሙ አልነበረውም። አህያ ውኃ ያመጣል፤ ወፍጮም ያደርሳል። ነገር ግን በዓል በመጣ ቁጥር በበቅሎ ተቀምጠው ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ የነበሩት አያ ታከለ ከዚያ በኋላ በእግራቸው ሄዱ። ይህን ማንም አልመለሰላቸውም።

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤቴ መጣ፤ ከጎንደር ወጣሁ፤ ተመለስሁ፤ አስተማሪ ሆንሁ። አያ ታከለ ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፉ። ከኮሶዬ የመጣ ሹፌር ነግሮኝ ለቅሶ ሄድሁ። እትዬ ዘውዴ አወቁኝ። አጠገባቸው ያሉት ይህ ማን ነው ሲሏቸው፣ «ጀማል ነው። በክረምት ከአባቱ ጋር ቴሌቪዥን ተሸክሞ የመጣው ልጅ» አሉ። ሌላውን ሊያነሡ ይችሉ ነበር፤ አላነሡም። ድንኳኑ ውስጥ ከዘመድ ጋር አስቀመጡኝ።

ይህን ስጨርስ የእኅቴ ልጅ፣ «አሁንስ ይርጋን ይቅር አትለውም? ስንት ዓመት አለፈ» አለኝ።

ብዙ ሰው እንዲህ ይለኛል። ቂም ያስረጃል፣ እርሳው፣ ልጅ ነበርህ። እኔ ግን የሚረሳው ሰው ቢበዛ ነው ነገሩ የሚደጋገመው ብዬ አምናለሁ። አያ ታከለ አንገታቸውን ደፍተው ኖረዋል፤ አዳራሽ ሞልቶ ያየው ሕዝብ ከዚያ ሌላ ጨዋታ ፈልጎ ሄዷል፤ ይርጋ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አጠፋሁ ብሎ አያውቅም። ያልተጠየቅሁትን ይቅርታ ከየት አምጥቼ እሰጠዋለሁ? ለራሴ ጥፋት ግን ሄጄ ጎንበስ ብያለሁ።

ዛሬ ይርጋ ሆቴል አለው። ሽበቱ አምሮበታል፤ ሠርግ ላይ የክብር ወንበር ይለቀቅለታል። ባለፈው ወር ፒያሳ ካፌ ውስጥ ከባልደረቦቼ ጋር ሳለሁ ገባና ወደ ጠረጴዛችን መጥቶ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ። ሁሉም «ጋሽ ይርጋ፣ ይቀመጡ» እያሉ ብድግ አሉ። እኔ ካለሁበት አልተነሣሁም።

«ደኅና ነህ፣ ይርጋ» አልሁት።